የንጋት ቀንድና የወጌሻው እጅ

በዘርማት መንግሥት ጉም ከምድር የሚነሣው የንጋት ቀንድ ሲነፋ ነበር። ቀንዱ በተሰረቀ ማግስት ጉሙ ሳይነሣ ዋለ፤ ገብሱም በቆመበት ይሻግት ጀመር። ሌባው ቆርቢት ነው፤ ክንፈ ድንጋይ አውሬ። ክረምቱን ሙሉ የሰረቀውን ታቅፎ ዋሻው ውስጥ ይተኛል፤ ሲነቃ ይውጠዋል።

የቀንድ ነፊው ልጅ ናርዲት፣ «ቀንዱን ሳልይዝ ብመለስ እግሬ ይሰበር!» ብላ ማለች። እግሯ ግን መመለሷን አልጠበቀም፤ በመጀመሪያው አቀበት ወድቃ ጉልበቷ ወለቀ።

አብሯት የተጓዘው ሽማግሌው ወጌሻ ደምራ ጉልበቷን መልሶ በቀርከሃ አሰረውና «ተኚ» አላት። አልቻለችም። በማግስቱ ካረፉበት ጎጆ ተደብቃ ወጣች፤ ጉልበቷ እንደ ቅል አብጦ ተመለሰች። ደነገጠችና ከአጎዛው አልነሣም አለች። በመተኛት ብዛት እግሯ ደረቀ።

«ትናንት ፈረስ፣ ዛሬ ግንድ!» አላት ደምራ። «ሰው የምትሆኚው መቼ ነው?»

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ አባባ? አውሬው ሊነቃ ነው!»

«ጉልበትሽን ጠይቂው። ተራምደሽ ስትመለሺ ከሞቀና ካበጠ አብዝተሻል፤ ዕረፊ። ቀዝቅዞ ካደረ ትንሽ ጨምሪ። እሱ አይዋሽም፤ የምትዋሺው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ጉልበቷን በመዳፏ ሳትዳስስ አልተነሣችም። አንዳንዴ እስከ ምንጩ ሄደች፤ አንዳንዴ እስከ ዋርካው፤ አንዳንዴም እያለቀሰች ተኛች። የክረምቱ ነጎድጓድ ሲርቅ ወደ ዋሻው የሚያደርሰውን ገደል ወጣች፤ ጉልበቷም ተሸከማት።

ቀንዱን ከአውሬው ብብት ስትስብ ቆርቢት ነቃ፤ ቀንዱን ይዛ ወደ ደጁ ሮጠች። አውሬው በጅራቱ መትቶ የዋሻውን መዝጊያ ድንጋይ በላይዋ ለቀቀው። ተከትሏት ወጥቶ ደጅ የቆመው ደምራ ሁለት እጁን ከሥሩ አስገባ።

«ውጪ፣ ልጄ!»

በደረቷ ተስባ ወጣች። ግራ እጁ ተረፈ፤ ቀኙን ድንጋዩ አደቀቀው። ናርዲት ቀንዱን ነፋች። ጉሙ ተቀደደ፤ በስንጥቁ የገባው ብርሃን አውሬውን እስከ ልቡ ድንጋይ አደረገው።

ከሳምንታት በኋላ በአደባባይ ንጉሡ፣ «የምትሺውን ሹመት ጠይቂ!» አላት።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሹመቱ ይቆየኝ። የአባባ ደምራን እጅ የማይበት ሰዓት ደርሷል።»

ደምራ እግር ሥር ተቀምጣ ፋሻውን ፈታች፤ በመዳፏ ዳሰሰችው። ቀዝቅዟል። የዘርማትን አጥንት ሁሉ ሲጠግን የኖረው ሰው አንድ ጣት አጠፈ። ሁለተኛውን ሊያጥፍ ሲታገል ያዘችው።

«ለዛሬ ይበቃዎታል።»

«ማን አዘዘ?»

«እጅዎ ነዋ። እሱ አይዋሽም።»

«ንጉሥ ታስጠብቃለች እንዴ?» ሲል አንድ መኰንን አጉረመረመ።

ደምራ ቀና አለ። «ዝም ይበሉ፣ ጌታው፤ ወጌሻዬ ናት።»