ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የሚታጠበው

ይሄን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እኔ ግን ዓይኔ ያየውን ነው የምጽፈው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

እሁድ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። የፊኒክስ ከተማ ሙቀት አስፋልት ያቀልጣል።

የእኔና የታናሽ ወንድሜ የሮጌልዮ ሥራ፣ በቢሮ ሕንፃዎች ውስጥ ውሃ የት እንደሚባክን ፈልጎ ማስቆም ነው። የምንገባው ሕንፃው ባዶ ሲሆን ነው። ሰው ከሌለ የውሃ ቆጣሪው መርፌ መቆም አለባታ።

የዚያ ሕንፃ መርፌ ግን ትዞራለች... ትቆማለች... ደግሞ ትዞራለች።

የሚያፈስ ቧንቧ እንዲህ አያደርግም። የሚያፈስ አያርፍም።

የየፎቁን ውሃ ተራ በተራ ዘጋን። ዘጠነኛውን ስንዘጋ መርፌዋ ቀጥ አለች። ዘጠነኛውን ፎቅ ደግሞ ተከራዮቹ ከለቀቁት ቆይቷል።

ሮጌልዮ ውሃውን መልሶ ከፍቶ ሊያይ ወጣ። እኔ ምድር ቤት፣ ቆጣሪው ጋ ቀረሁ። በስልክ እናወራለን።

"እትዬ..." አለኝ በሹክሹክታ። "የእጅ መታጠቢያው ራሱን እየከፈተ ነው።"

"እጅ ሲያይ የሚከፈተው ዓይነት ነው?"

"አዎ።"

"ዓይኑ ቆሽሾ ይሆናል። ጥረገው።"

"ጠረግኩት።"

ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል።

"እትዬ... ውሃው ቀጥ ብሎ አይወርድም። መሃል ላይ ይከፋፈላል። ልክ ጣት ላይ እንደሚፈስ..."

"ሳሙና አቀብለዋ" ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቀም።

"እጄን ላስገባ?"

"ተው። ሮጌልዮ፣ ተው ብዬሃለሁ። ውረድ።"

ውሃው ቆመ። ስልኩም ተዘጋ።

ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ከሱ ሌላ ማን አለኝ? መግቢያው አዳራሽ ስደርስ ከሊፍቱ ወጣ። ፈገግ ብሏል።

"ተስተካክሏል" አለኝ።

እትዬ አላለኝም። ያኔ ልብ አላልኩትም፤ አቅፌው አለቀስኩ።

እጃችን ዝገት በዝገት ስለነበር እዚያው መታጠቢያ ቤት ገባን። እጁን ከቧንቧው ሥር አደረገ።

ምንም።

ወደሚቀጥለው ሄደ። ምንም...

እኔ እጄን ዘረጋሁ። ወዲያው ተከፈተ።

"ላንቺ ይታዘዛል" አለና እጁን ከእጄ ሥር ደቀነ።

ውሃው ከጣቶቼ ወረደ። የሱ እጅ ላይ ሲደርስ አልተከፋፈለም... እጅ እንደሌለ ሁሉ ቀጥ ብሎ አልፎ ገንዳው ውስጥ ገባ።

እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ እያፋተገ፣ ይታጠብ ነበር።