የትኛው እግር ቀደመ

«ግራ እግርህን ከፊት አልኩህ እኮ። ስንቴ ልንገርህ?» አለች ጎማ።

ትንሹ ወንድሟ ግራ እግሩን ባለ አራት ጎማው ስኬትቦርድ ላይ አሳረፈና በቀኙ መሬቱን ገፋ። ትንሽ እንኳ ሳይንሸራተት ቦርዱ ከሥሩ አፈትልኮ ወጣ፤ ልጁም በመቀመጫው ዘጭ አለ። ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር የተደረደሩት ጓደኞቿ በሳቅ ፈነዱ።

ጎማ ደሟ ፈላ። ጎማ ያሏት እነሱው ናቸው፣ ከቦርድ ላይ አትወርድም ብለው። «እሱን ሳትይዢ አትወጪም» ባለቻት እናቷ ተናዳለች። የልጁን አወዳደቅ በስልኩ እየቀረጸ በሚንከተከተው፣ ረጅሙ በሚሉት ጓደኛዋም ተናዳለች። ይበልጥ ያበገናት ግን ይሄ የስድስት ዓመት ጩጬ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የነገረችው ሁሉ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ረጅሙ የቡድናቸው አለቃ ነው። ነገ በትምህርት ቤቱ ግቢ የቦርድ ትርኢት ያሳያሉ፤ የመጨረሻው ልምምድ ደግሞ አሁን ነው።

«ጎማ፣ ልንጀምር ነው። ካልመጣሽ ቦታሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፣ አልቀልድም» አላት። «ጩጬውን ተዪው ባክሽ። አይሆንለትም።»

ልጁ ሰማ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ቢሆንም ቦርዱን ጎትቶ አመጣና «እትዬ፣ አንዴ ብቻ» አለ።

«በቃ አታድርቀኝ» ብላ ከኋላው ገፈተረችው።

ሳታስበው አይደለም፤ አስባ ነው የገፈተረችው። ልጁ ተንገዳግዶ ሊደፋ ሲል ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ረገጠና ቆመ። ዞሮም አያት። አለማልቀሱ ባሰባት።

ቀኝ እግሩን ነው ያስቀደመው።

እሷን ቦርድ ያስተማራት አጎቷ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሳታየው ከኋላዋ መጥቶ ገፋ አደረጋትና «የትኛው እግርሽ ቀደመ? ከፊት የሚቆመው እሱ ነው» አላት። ግራዋ ነበር የቀደመው። የእሷ ግራ ስለሆነ የሰው ሁሉ ግራ መስሏት፣ ወንድሟን አንዴም ሳትሞክረው ሳምንቱን ሙሉ ስትጥለው ከረመች።

«በቀኝ እንደሚቀልህ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ በግራ ነዋ የምትሄጂው» አለ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ።

ንዴቷ አልበረደም፤ ዞሮ እሷው ላይ አረፈ እንጂ። የገፈተረችውን ጀርባውን በመዳፏ አራገፈችለት። ምንም አቧራ አልነበረበትም።

«ጎማ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠራሽ» አለ ረጅሙ።

ጀርባዋን ሰጠችው። ቦርዱን ከወንድሟ ተቀበለችና ቀኝ እግሯን ከፊት አስቀመጠች። በዚህ እግር ቆማ ስለማታውቅ ቦርዱ ከሥሯ ወዲያ ወዲህ አለ። ረጅሙ ስልኩን መልሶ ሲደግን አየችው።

«እግሬን እይ» አለችው ወንድሟን፣ በግራዋም መሬቱን ገፋች።