ካፒቴኗን «አንቺ» ማለት

«በሩ አይከፈትም አልኩሽ» አለች ቀጮ።

ሙጢ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «አሁን ደግሞ ምን ሆነ ልትይ ነው?»

«ዝጓል።»

«ጠፈር ላይ ምን ያዝገዋል? ውሃ የለ፣ ዝናብ የለ!»

የቀጮ የአጎት ልጅ ሳቁ አመለጠው። እሱማ ተኩስ የሌለበት ጨዋታ ገና ከጅምሩ አልጣመውም። ቀጮ ግን እረፍቱን ሙሉ ተጨንቃ ተጠብባ የፈጠረችው ዓለም የወሬ ዓለም ነው። ፀሐይ የጠፋችባቸው ሰዎች አንዲት የጠፈር መርከብ ውስጥ ይኖራሉ። ተጫዋቾቹ እነሱን ሆነው ይነጋገራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ ነገሩ ሲያጠራጥር ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ያሰቡት ይሳካል። ተራኪዋም ካፒቴኗም ራሷ ቀጮ ናት። ካፒቴኗን «እርስዎ» ማለት ግዴታ ነው፤ «አንቺ» ያላት ሰው ተራው ያልፋል።

በጨዋታው የመርከቧ አትክልተኛ የሆነችው ሙጢ ዛሬ አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ ብላለች፤ መርከቧን ትታ አዲስ ፕላኔት ላይ መውረድ። ቀጮ ደግሞ ላለማውረድ የማታመጣው ሰበብ የለም። ነዳጁን ጨረሰችው፣ ሞተሩን አቃጠለችው፣ ሙጢ ስድስት ስትጥል «ጠረጴዛው ተነቃንቋል፣ አይቆጠርም» አለች። ቀጮ ተበሳጭታለች። ምክንያቱን ታውቀዋለች። ሙጢ ቤትም ትምህርት ቤትም ልትቀይር መሆኑን ከነገረቻት ወዲህ ቀጮ ስለዚያ ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ ወሬው በተነሳ ቁጥር ሌላ ነገር ታወራለች።

«ጠረጴዛውን ትለቁልኛላችሁ ወይስ እዚያው ልታድሩ ነው?» አለች የቀጮ እናት ከወጥ ቤት።

«ትንሽ ቆዪ እማዬ።»

ሙጢ ብድግ ብላ እንደ አትክልተኛዋ እጅ ነሳች። «ክብርት ካፒቴን፣ ችግኞቼን አስረክቤያለሁ። የምሄደው ማንንም ጠልቼ አይደለም። እባክዎ በሩን ያስከፍቱልኝ።»

«አልፈቅድም። መርከቧ ያላንቺ አትሆንም።»

«እኔ ነኝ እንዴ የወሰንኩት? ምን ባደርግ ነው የምትለቂኝ?»

«አንቺ አለቻት፣ ተራዋ አለፈ» አለ የአጎቷ ልጅ።

ማንም አልሳቀም። የሙጢ ዓይን እንባ አቅርሯል። «ከምሬ ነው ቀጮ። ቤት ልንቀይር ነው ስልሽ አይዞሽ እንኳ አላልሽኝም። እኔ እኮ ፈርቻለሁ።»

የቀጮ ፊት በሃፍረት ጋለ። እስከ አሁን የተበደለችው እሷ ብቻ መስሏት ነበር። ዳይሱን አነሳች። ሞተሩን ደግማ ልታቃጥለው ትችላለች፤ ተራኪዋ እሷ ናት፣ ማንም አይከለክላትም። ግን ዳይሱን የአጎቷ ልጅ ፊት አስቀመጠችው።

«ካፒቴን አንተ ሁን» አለችው። «በሩን ክፈትላት። እኔ እሸኛታለሁ።»

ወንበሯን ጎትታ ሙጢ አጠገብ ተቀመጠች።

«አዲሱ ትምህርት ቤትሽ» አለቻት፣ «ከዚህ በየት በኩል ነው የሚኬደው?»