ጉንዳኖች የወጡበት ሶሌታ

ፎርማኑን ከተደረመሰው የኮንክሪት ወለል፣ ከሶሌታው ሥር ሲያወጡት የጫማው ማሰሪያ እንኳ አልተፈታም ነበር። መርማሪው አስከሬኑን አየ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ ከዚያ ወደ ፍርስራሹ ጎንበስ አለ።

ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው አናጢው ላይ ነው። ድጋፍ እንጨቶቹን የነቀለው እሱ፣ ከሟቹ ጋር የተጣላውም እሱ።

«ጌታዬ፣ ቀኑ ደርሶ ነው የነቀልኩት» አለ አናጢው፣ እጁ በካቴና እንደታሰረ። «ከላይ በመዶሻ መታሁት፤ ድንጋይ ነው። የልጆች አባት ነኝ፣ በሬሳ ፊት አልዋሽም።»

«ጠባችሁስ?»

«በኳስ ነዋ! በኳስ የተጣላ ሁሉ ከተጋደለ ሰው ይተርፋል?»

መርማሪው ስባሪውን በቁልፍ ፋቀው። ላዩን ፀሐይ አድርቆታል፤ ውስጡ እንደ እርጥብ አሸዋ ተፈረፈረ። በስንጥቁ ጉንዳን ይተራመሳል።

የግንባታው መሐንዲስ በርሜል አሳየችው። «ሪታርደር» ይላል በእንግሊዝኛ።

«ምን ማለት ነው፣ ልጄ?»

«የሚያዘገይ ማለት ነው። ድሮ ለማንኛውም ጎታች ነገር ይሉት ነበር፤ ኋላ ባለሙያዎች ወሰዱት፤ እሳት ለሚያዘገየውም፣ ለዚህም። ሙቀት ሲበረታ ሲሚንቶው ቶሎ እንዳይጠጥር እንጨምረዋለን። ራሴ ነኝ የለካሁት፤ ከሰዓታት አያልፍም።»

«ጉንዳን ይወደዋል?»

«ኧረ! ሽታው ራሱ ያባርራል።»

ሲሚንቶ በሚቦካበት ሚክሰር ላይ ውሃ የሚጨምሩት የሟቹ አባት ናቸው፣ የዱሮ ግንበኛ። በቆርቆሮ ክፍላቸው ሻይ ቀዱለት።

«ስኳር አልቆብኛል፣ ይቅርታ።»

መርማሪው የበሩን ሥር አየ። ንፋስ እንዳይገባ የተወተፉት ባዶ የስኳር ከረጢቶች ናቸው። ሻዩን ሳይጠጣ ተነሣ።

ሁሉንም ፍርስራሹ ዘንድ ሰበሰባቸው።

«እንጨቱ በጊዜው ተነቅሏል። የበርሜሉ ፈሳሽ ብቻውን ሲሚንቶውን ይህን ያህል አያቆየውም። ጉንዳን በርሜሉን ይሸሻል፤ ስኳር ግን ይከተላል። ስኳርም ሲሚንቶ ያዘገያል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ፣ የበርሜሉ ፈሳሽ መጨመሩን ያውቁ ነበር?»

ሽማግሌው ወደ ፍርስራሹ ዞሩ።

«አላውቅም ነበር። በእኛ ጊዜ በርሜል የት አለ? ፀሐይ ሲያይል እፍኝ ስኳር ጣል እናደርግ ነበር። ልጄ ‹እንዳይሰነጠቅብኝ ፈራሁ፣ አባዬ› አለኝ። ላግዘው ብዬ...»

«ለምን አልነገሩትም?»

«‹ያረጀ ሥራ› ብሎ እንዳይስቅብኝ።»

የአናጢው ካቴና ተፈታ። እሱ ግን አልሄደም፤ ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠ።

«እንጨቱን ስትነቅል ልጄ ምን አለህ?» አሉት ሽማግሌው።

አናጢው መሬት መሬቱን አየ።

«‹አባዬን ከዚህ አርቅልኝ፤ ሥሩን እኔ ገብቼ ልየው› ነው ያለኝ።»

ሽማግሌው ተንበርክከው ጉንዳኖቹን በመዳፋቸው ይጠርጉ ጀመር። የከለከላቸው የለም።