ያልተሰረዘው ድርሰት

ሐሰት ነው የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን እህቴን አውቃታለሁ።

ሪሃና ዋሽታ አታውቅም። ልጆች ሆነን ስኳር ሰርቀን ስንያዝ ቀድማ የምትናገረው እሷ ነበረች፤ የምገረፈው ደግሞ እኔ ነጅመዲን። ስለዚህ ወላሂ፣ ይሄ ነገር ሆኗል። መጨረሻውን በዓይኔ አይቻለሁ።

አምና በኅዳር ነው። ቦታው ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው... ፀሐይ ወጥታ፣ ቦዳ ቦዳው፣ የኪራይ ሞተሩ፣ እየጮኸ፣ ከመንገዱ ማዶ ሻይ እየተሸጠ። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ ነው የሚመጣው ያላችሁ ሰው ካለ ይህን አንብቡለት።

ሪሃና የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። በዚያ ሰሞን የአራተኛ ፎርም ልጆች የመጨረሻውን አገር አቀፍ ፈተና ይወስዱ ነበር። ከከተማው ዳር ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሥራ ጠራት። ስሙን አልነግራችሁም፣ አትጠይቁኝ።

ሥራዋ አንድ ብቻ ነበር። እጁ ለተሰበረ ተፈታኝ መጻፍ።

ልጁ ዲንቁ ይባላል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ፈተናው ስድስት ሳምንት ሲቀረው፣ ከኦቦ መንደር ሲመለስ ሞተር ብስክሌት ተገልብጦ ቀኝ እጁ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አብሮት የነበረው የክፍል ጓደኛው ሚሊዮን ግን እዚያው መንገዱ ላይ ሞተ።

ሲነዳ የነበረው ሚሊዮን ነው ተባለ። እንደዚያ ያለው ዲንቁ ነው። ሌላ ያየ ሰው አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን የዲንቁ እናት ሮዛ በሩ ላይ ጠበቀቻት። የሪሃናን እጅ ይዛ አልለቅ አለች።

"እህቴ... ነርስ እሆናለሁ ሲል ነው የሚውለው። ይሄ ፈተና ካመለጠው ልጄ ሰው አይሆንልኝም። አሁን እጁ አንቺ ነሽ።"

"አይዞሽ" አለቻት ሪሃና። "የሚለውን ሁሉ እጽፍለታለሁ።"

የፈተናው ኃላፊ ፖል የሚባል፣ ከዳውን ኬንያ፣ ከመሀል አገር፣ የመጣ ረጅም ሰው ነው። ኮሪደሩ ላይ አቁሞ ደንቡን ነገራት።

"ያለውን ጻፊ፣ ያላለውን አትጻፊ። ከተሳሳተም እንደተሳሳተ ጻፊው። ሰርዢ ካለ ሰርዢ። ራስሽን አትነቅንቂ፣ ቅንድብሽን አታንሺ። ከራስሽ የመጣች አንዲት ቃል ከተገኘች የሱ ብቻ አይደለም፣ የትምህርት ቤቱ ልጆች ውጤት በሙሉ ይሰረዛል። ሳዋ?"

"ሳዋ" አለች፤ እሺ ማለቷ ነው።

በአዳራሹ ሲያልፉ ልጆቹ በየቦታቸው ተቀምጠዋል። በመስኮቱ በኩል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ አንድ ዴስክ ባዶ ነው። ስምና ቁጥር ተለጥፎበታል። የጥያቄ ወረቀትም ተቀምጦለታል።

"ያ የማን ነው?"

"የሟቹ" አለ ፖል። "ምዝገባው ያለቀው ዓመቱ መጀመሪያ ላይ ነው። ስሙ ዝርዝሩ ላይ እስካለ ድረስ ዴስኩም ወረቀቱም ይቀመጥለታል። ግማሽ ሰዓት ጠብቀን ካልመጣ 'ቀሪ' ብለን ወደ ፖስታው እንመልሰዋለን።"

"ሞቶ እያለ?"

"ደንቡ ሞተ ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ ምዋሊሙ" አላት፤ መምህርት ማለቱ ነው።

ዲንቁን ለብቻው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አስቀመጡት። ግማሽ ሰዓት ጭማሪ ተሰጥቶታል። በሩ ገርበብ ብሎ ክፍት ነው፣ ውጭ ፖሊስ ቆሟል። ውስጥ ያሉት እሱና ሪሃና ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው ፈተና ሒሳብ ነበር። ዲንቁ ግንባሩን በግራ እጁ ደግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል።

"አርባ ሁለት" አለ።

ጻፈች።

ጥቂት ቆይቶ... ቀስ ብሎ... "አይ፣ አርባ ስምንት ነው።"

ሰርዛ አርባ ስምንት ጻፈች።

ዲንቁ ወረቀቱን አየና ፊቱን ቋጠረ። "ቲቸር... ለምን ሰረዝሽው?"

"አንተ ነህ ያልከኝ።"

"እኔ አላልኩም።"

ጠረጴዛው ላይ በግራ ጣቱ እንደገና ሠራው።

"ተይው... ትክክሉ አርባ ስምንት ነው።"

ሪሃና ሙቀቱ ነው ብላ አለፈችው። ቆርቆሮው ከአናታቸው በላይ ይንቋቋል፣ እሷም በቂ እንቅልፍ አላገኘችም ነበር።

በማግስቱ ከፈተና በኋላ ፖል እየሳቀ አንድ ነገር ነገራት።

"ትናንት የሟቹን ወረቀት ላነሳ ስሄድ ሦስተኛው ገጽ ላይ ተገልጧል። ነፋስ ነው አልኩ። ዛሬ ግን መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ፣ ወረቀቱን በፊቱ ደፍቼ ነው ያስቀመጥኩት።"

"እሺ?"

"አራተኛው ገጽ ላይ ነበር።"

እየሳቀ ነው የነገራት። እጆቹን ግን ደጋግሞ ያሻሽ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ የእንግሊዝኛ ድርሰት ደረሰ።

ጥያቄው አጭር ነው። የማትረሳውን አንድ ጉዞ ጻፍ ይላል።

ዲንቁ አንብቦ ጭንቅላቱን ግራ ክንዱ ላይ ደፋ። ሪሃና ብዕሯን ይዛ ጠበቀች።

ድምፁ መጣ። ዝቅ ያለ ነው፣ ግን አይደናቀፍም። እንግሊዝኛው ያምራል። አንዱን ዐረፍተ ነገር ጽፋ ሳትጨርስ ሌላው ይከተላል። ጎበዝ ልጅ ነው አለች በሆዷ። ቀና ብላ አላየችውም፤ ዓይኗ ከወረቀቱ አልተነሳም።

ሁለት ጓደኛሞች ከኦቦ ይመለሳሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው።

እኔ ከኋላ ነበርኩ ይላል ድርሰቱ። መጻሕፍታችንን ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ቀስ በል አልኩት። ሳቀብኝ።

አንድ ገጽ ሞላች። ሁለተኛው ላይ ገባች።

ከዚያ ወደቅን ይላል። ጓደኛዬ ቀኝ እጁን አቅፎ ሲንፈራገጥ አየሁት። ስሜን ጠራኝ። ደግሞ ጠራኝ። እሰማዋለሁ፣ ግን መመለስ አልቻልኩም...

ብዕሯ ቆመ።

ቀኝ እጁን?

ቀኝ እጁ የተሰበረውማ ዲንቁ ነው።

በዚህ ጊዜ ዲንቁ ከክንዱ ላይ ቀና አለ። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ጉንጩ ላይ የሸሚዙ እጥፋት ታትሟል።

"ቲቸር... ይቅርታ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስንት ሰዓት ነው? አሁን ልጀምር።"

ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ገጽ ተጽፏል።

ወረቀቱን ገፋ አደረገችለት።

ዲንቁ አነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

"ይሄን ማን ነገረሽ?" አለ በሹክሹክታ።

"አንተ... አንተ እያልከኝ..."

"እኔ ተኝቼ ነበር።"

"ዲንቁ..."

"ይሄን የሚያውቅ ሰው የለም ቲቸር። የነዳሁት እኔ ነኝ። ለእናቴም አልነገርኳትም።" እንባው መጣ። በደህናው እጁ አፉን ያዘ፣ ፖሊሱ እንዳይሰማ። "ሰርዢው። እባክሽ... ሰርዢው።"

ሰርዢ ካለ ሰርዢ ነው ደንቡ። ሪሃና ማስመሪያውን አንስታ መጀመሪያው መስመር ላይ አስተካከለች።

ያን ጊዜ በግራ ጆሮዋ በኩል፣ ማንም ባልተቀመጠበት በኩል...

"አትሰርዢው።"

የዲንቁን ከንፈር አየች። ገጥሟል።

"እኔም ተመዝግቤያለሁ።"

እሱም ሰምቷል። ጠረጴዛውን በግራ እጁ ጨብጦ ነበር።

እኔ ብሆን በመስኮት ነበር የምወጣው። እህቴ ግን ደንብ የምትወድ ሴት ናት፤ ዴስኩ፣ ስሙ፣ የተቀመጠለት ወረቀት ሁሉ ትዝ አላት። ተፈታኙ ያለውን ጻፊ ተብላለች። ይሄም ተፈታኝ ነው።

ማስመሪያውን አስቀመጠች።

ፈርተሽ ነው ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። "አይ፣ አሳዘነኝ" አለችኝ። "አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነኝ።"

ዲንቁ ሁለተኛ ሰርዢ አላለም። አዲስ ገጽ አወጡና ስለ ማርሳቢት ጉዞ አጭር ድርሰት ነገራት። ሁለቱም ድርሰቶች አንድ ላይ ታስረው ገቡ።

ከፈተናው በኋላ ሁሉንም ለፖል ነገረችው። ፖል ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየ።

"ዝም በይ" አላት በሹክሹክታ። "ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ልጽፍ ነው? አፍሽን ከከፈትሽ የስድሳ ሦስት ልጆች ውጤት ይሰረዛል።"

"ስድሳ አራት ናቸው" አለች ሪሃና፣ ሳታስበው።

ፖል ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን ሆኖ ወደዚያ ዴስክ አልቀረበም።

በቀሩት ፈተናዎች ሪሃና ዓይኗን ከዲንቁ ከንፈር አልነቀለችም። ከንፈሩ ካልተነቃነቀ ብዕሯ አይነቃነቅም። በየወረቀቱ ሽፋን ላይ የዲንቁን ስምና ቁጥር ጽፋ ሦስት ጊዜ ጮክ ብላ ታነበዋለች። ፖል ያየዋል፣ ዲንቁ ያየዋል። ይህን ልብ በሉልኝ።

ውጤቱ በጥር መጣ።

ሮዛ ውጤቱን ለማየት የልጇን የፈተና ቁጥር በስልክ መልእክት ላከች። መልሱ ሲመጣ ማንበብ አቃታትና ወደ ሪሃና ሮጣ መጣች።

ሒሳብ፣ ቀሪ። እንግሊዝኛ፣ ቀሪ። ባዮሎጂ፣ ቀሪ።

ሁሉም ቀሪ ነው።

"ገብቷል እኮ!" አለች ሮዛ። "አንቺ አጠገቡ ነበርሽ። እጁ አንቺ አልነበርሽም?"

ሪሃና አብራት አለቀሰች። ትምህርት ቤቱ አቤቱታ አስገባ፤ ገና እየታየ ነው ይባላል። ዲንቁ ሁለት ቀን አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ተነሣና ለማንም ሳይናገር ወደ ሚሊዮን አባት ቤት ሄደ።

የሚሊዮን አባት ጋሽ ነጋ ልብስ ሰፊ ነው። ከኢትዮጵያ በስደት መጥቶ እዚሁ ያረጀ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የሪሃናን በር አንኳኳ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ የሚያፈስ ቧንቧዋን እየጠገንኩ።

"ልጄ አልፏል" አለ ጋሽ ነጋ።

ስልኩን ዘረጋላት። የሚሊዮን ስም፣ የሚሊዮን ቁጥር። ቢ ፕላስ። እንግሊዝኛው ኤ ነው።

"ጋሽ ነጋ... ይሄን ማን ላከልዎ?"

"እኔ አልጠየቅኩም። ራሱ መጣ።" ፈገግ አለ። "ዲንቁም መጥቶ ነበር። እግሬ ላይ ወድቆ ሁሉን ነገረኝ፤ አነሣሁት። እኔማ አውቄ ነበር... ነግሮኝ ነበር።"

"ማን ነው የነገረዎት?"

ጋሽ ነጋ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የኮሌጅ ማመልከቻ ፎርም ነው።

"የመጣሁት ለዚህ ነበር። ይሄ መሞላት አለበት። ሌላ ሰው አልፈልግም አለ። እሷ ያልኩትን ትጽፋለች አለ።"

ሪሃና እኔን አየችኝ። እምቢ በይው፣ በሩን ዝጊ ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ቀደመችኝ።

"ይግቡ" አለች።

ጋሽ ነጋ ወዲያው አልገባም። ሰው እንደሚያስቀድም ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ እሱ ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋው።

ሁለት ወንበር ነበር። እሱ አንዱ ላይ ተቀመጠ።

ሪሃና ፎርሙን ከፊቷ ዘረጋች። ጨክና ተናገረች።

"እሞላለታለሁ። የዲንቁን ግን ይመልስለት። እናቱ እየሞተችብኝ ነው።"

ጋሽ ነጋ ወደ ባዶው ወንበር ዞረ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ራሱን ነቀነቀ። ፈገግታው ጠፍቶ ነበር።

"'እሱም የእኔን ይመልስልኝ' ይላል።"

ውጭ አንድ ቦዳ ቦዳ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ።

እኔ ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማሁም። እህቴ ግን ብዕሯን አንስታ መጻፍ ጀመረች።