ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው

«ጌታው፣ በሩ ላይ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም!»

መጀመሪያ ያልኩት ይህን ነው። አንድ አናጢ በአንድ እጁ የእንጨት ፍሬሞች፣ በሌላው የአራት ዓመት ልጁን ይዞ ሱቄ በር ላይ ቆሟል።

«ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። «እናቷ የሞተችባት ልጅስ የት ትቀመጥ፣ እመቤቴ?»

«ደጃፉ ላይ። ጥላ አለ።»

መስታወት ቆራጭ ነኝ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ ጣቴን እየቆረጥኩ ተማርኩት። የሰፈሩ እናቶች «ልጅ ጠሏ» ይሉኛል። ይበሉ!

አናጢው ግን ስቆ ልጁን ደጃፍ አስቀመጣት። በየሳምንቱ ይመጣ ጀመር። እኔም ሥራዬን እየጣልኩ ከጉንጮ ጋር ደጃፍ መቀመጥ ለመድኩ። ልጅቷን «ጉንጮ» ነበር የምንላት።

«እንዲህ እየወደድሻት ለምን አታስገቢያትም?»

«ሱቁ የኔ፣ ሕጉም የኔ!»

ምናለ ያኔ ብነግረው! ታናሽ እህቴ እዚሁ ሱቅ ውስጥ የመስታወት ስባሪ ላይ ወድቃ አንድ ዓይኗን ማጣቷን... በሩን ክፍት የተውኩት እኔ መሆኔን... ኩራቴ አፌን ያዘኝ።

«እንጋባ» ባለኝ በሦስተኛው ቀን፣ እሱ ውጭ ፍሬም ሲያወርድ፣ ጉንጮ «እማዬ!» እያለች ሮጣ ገባች። እንዲያ ብላ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ግድግዳ የተደገፈውን ትልቅ መስታወት ነካችው። ተንሸራተተ።

«ውጪ! ውጪልኝ!» ብዬ ገፈተርኳት። መስታወቱን በጀርባዬ ደግፌ አስቀረሁት።

አናጢው ሲደርስ ያየው የወደቀች ልጁን ብቻ ነው።

«ገፋሻት?»

«አንተ ማንበብ አትችልም እንዴ?»

ምላሴ ያወጣው ይህን ነበር። ልጁን አቅፎ ሄደ።

ከወር በኋላ ኩራቴን ውጬ ቤቱ ሄድኩ። የእህቴንም፣ የመስታወቱንም ነገርኩት። አለቀሰ።

«ምነው ያኔ ብትነግሪኝ፣ የኔ ዓለም...»

እጄን ያዘኝ። ሁሉም ነገር የተመለሰ መሰለኝ። ያኔ ጉንጮ ከጓዳ ብቅ አለች። አየችኝ። እንደቆመች ሽንቷ አመለጣት።

«ትለምድሻለች» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ጊዜ ስጫት።»

«በገዛ ቤቷ እኔን እየፈራች ትደግ?»

«እወድሻለሁ እኮ!»

«እኔም። ለዚህ ነው የምሄደው።»

ወጣሁ። ከኋላዬ አንዴ ጠራኝ። ሁለተኛ ቢጠራኝ እዞር ነበር... ጉንጮ ግን ማልቀስ ጀመረች፤ ወደ እሷ ሄደ።