ከቀሐ የተሰማው ሁለተኛ ማርሽ

ሁለት ጥሩምባ ከጀርባህ ቢነፉ የትኛው የትኛው እንደሆነ ትለያለህ? አትቆጣ፤ መልስ። ባትለይም አልፈርድብህም፤ ሙያህ አይደለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ትርንጎ የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት የባንድ ሙዚቀኛ ስድስት ቀን የታሰረችው፣ ይህንኑ ጥያቄ የሚጠይቅ አንድ ሰው ስለጠፋ ብቻ ነው።

የወጣቶች ማርሽ ባንድ አሠልጣኝ የነበሩት የጋሽ ህሩይ አስከሬን የተገኘው ጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጎንደር ቀሐ ካለው የልምምድ አዳራሽ በስተጀርባ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ሥር ነው። በትከሻቸው የተሸከሙት ኮንትራባስ ቢዩግል የተባለ ትልቅ ጥሩምባ ከሥራቸው ተጨፍልቋል። ራሳቸውን ታቅፋ ስትጮኽ የተገኘችው ትርንጎ ናት። ከአንድ ሰዓት በፊት ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ሠፈሩ ሰምቷታል። ለፖሊስ ጣቢያው ይኸው በቃው፤ የሐኪሙን ወረቀት እንኳ እስከ መጨረሻው ያነበበ አልነበረም።

በስድስተኛው ቀን ኢንስፔክተር ሸዋረጋ ከደባርቅ ተጠርታ መጣች። አጭር፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ጠይቃ ስትጨርስ አፏን ዘግታ ሰውየውን የምታይ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ወደ ትርንጎ ገባች።

«ምን አጣላችሁ?»

«ቢዩግል።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ትርንጎ ከታሰረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «የቱባ ታላቅ ወንድም በይው። ሁለቱም በትከሻ ነው የሚያዙ፤ ሁለቱም የባንዱ ወፍራም ድምፅ ናቸው። ቱባው በጣት የሚጫን ሦስት ቁልፍ አለው፤ ከሌላው መሣሪያ ጋር ይግባባል። ቢዩግሉ የድሮ ነው፤ ሁለት ቁልፍ ብቻ፤ ደግሞ ክብደቱ! ድምፁ ግን ከተራራ ሥር ነው የሚወጣ። እኔ እሱን ወደድሁ። ጋሽ ህሩይ ግን 'ለብቻው ሸጋ ነው፤ ከባንዱ ጋር አይገባም፤ የመጡትን ስድስቱንም አልቀበልም' አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«'ጆሮዎ አርጅቷል' አልኋቸው።» ፈገግታዋ ጠፋ። «ማርሹን የነፋሁበትን ቱባ እዚያው ጥዬ፣ መንፊያዬን ነቅዬ ወጣሁ። የተመለስሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነበር።»

«መንፊያሽን?»

«አፍ የሚገጥምበትን ብረት። ያለሱ መሣሪያው ባዶ ቧንቧ ነው። ጋሽ ህሩይ ባንዱ ለገባ ሁሉ አንድ አንድ ይሰጣሉ። የሌላ ሰው አፍ የነካውን መንፋት እኛ ዘንድ ነውር ነው።»

ሸዋረጋ ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ወዳለው የእንዳልካቸው ቢሮ ሄደች። የባንዱ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ በወጣትነቱ የጋሽ ህሩይ ቱባ ነፊ ነበር። ስድስቱን ቢዩግል ያስመጣው እሱ ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ «ጎንደር በጥምቀት ሰምታው የማታውቀውን ድምፅ ትሰማለች!» ብሎ ያስጨበጨበውም እሱ ነው።

«ልጅቱ ተቆጥታ ስትወጣ እኔ ገባሁ» አለ። «ጋሽ ህሩይ ቢዩግሉን ተሸክመው የጥምቀቱን ማርሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነፉልኝ። በዓይኔ እያየሁ! ከዚያ ተሰናብቼ ወጣሁ።»

«ወደዱት?»

«በጣም እንጂ! 'ስድስቱንም እንቀበል' አሉኝ።»

ሸዋረጋ ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው መለሰች። ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀት እንዳይበር የተጫነ የነሐስ መንፊያ አለ። ገላው በአቧራ ጠቁሯል፤ ከንፈር የሚነካው ጠርዝ ግን ያበራል።

«ሸጋ ጌጥ ነው» አለች።

«የልጅነት ትዝታ ነው» አለና አንስቶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ከአዳራሹ ፊት በር ዘበኛው አያ በላቸው ቁጭ ብለዋል።

«አያ በላቸው፣ ያን ቀን ማርሹን ስንት ጊዜ ሰሙ?»

«ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ ልጅቱ ነፋች። ኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ተነፋና አቶ እንዳልካቸው ወዲያው ወጣ። 'ቢዩግሉን ሰማኸው?' አለኝ። ኧረ እቴ! ለኔ ሁሉም ጥሩምባ ነው።»

ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት መሪጌታ ወልደኢየሱስ ግን እንዲህ አላሉም።

«ምነው አልሰማ? ደቀ መዛሙርቴን አሳበዱብኝ እንጂ!»

«ሁለቱ ማርሽ ልዩነት ነበረው?»

«ነፊው ተለይቷል። ሁለተኛው ይቸኩላል፤ ያለከልካል። ድምፁ ግን ያው ነው፤ ከአንድ ቦታ ተነሡ፣ ከአንድ ቦታ አረፉ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ አርባ ዓመት የተማሪ ዜማ ሳርም ኖሬያለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት ሸዋረጋ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች፤ ባንዱን፣ ዘበኛውን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ የጣቢያውን አዛዥ። ትርንጎ በሁለት ፖሊስ ታጅባ መጣች። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ።

ትርንጎ ማርሹን መጀመሪያ በቱባው ነፋች። መሪጌታ «ይኸው ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥላ ከቀሩት አምስት ቢዩግሎች አንዱን ተሸከመች። በዚያው የጣት አጫጫን ያንኑ ማርሽ ስትጀምር የመስኮቱ መስታወት ተርገበገበ። ዜማው ወደ ታች ወረደ፤ መኻል ላይ ሦስተኛውን ቁልፍ ፈልጎ አጣና ተደናቀፈ።

«ይኸ አልነበረም!» አሉ መሪጌታ። «ይኸ የወረደ ነው፤ ጎደሎም ነው። ያን ቀን ማርሹ ሙሉ ነበር።»

እንዳልካቸው ወደ ቢዩግሉ ዞሮ አፈጠጠ። ስድስት ቢዩግል በአደባባይ ያስጨበጨበ ሰው፣ ቢዩግል ማርሹን ሲሞክር ገና አሁን መስማቱ ነበር!

ሸዋረጋ ተነሣች። «እንግዲህ ሁለተኛው ማርሽ የተነፋው በቱባ ነው። አቶ እንዳልካቸው ግን በቢዩግል ሲነፋ በዓይኔ አይቻለሁ ይላሉ።»

«ጋሽ ህሩይ ቱባውንም አንስተው ይሆናል! ተምታቶብኝ ነው!»

«በየትኛው መንፊያ? የትርንጎ ከትርንጎ ጋር ሄዷል። የጋሽ ህሩይ ከተጨፈለቀው ቢዩግል ጋር ተጣብቆ ተገኝቷል። ሦስተኛው ከእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነበር።» በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከመሳቢያው ያወጣችውን ነሐስ አስቀመጠች። «ሁለመናው አቧራ፣ ጠርዙ ብቻ የጸዳ።»

ከዚያ ወደ ኋላው በር አመለከተች።

«ጋሽ ህሩይ ቢዩግሉን ይዘው ከኋላ በር ቆመው ነበር። 'አልቀበልም' አሉዎት። ያስጨበጨቡበት ነገር በከተማው ፊት ሊፈርስብዎ ሆነ፤ ገፏቸው። ቢዩግሉ አብሯቸው ወድቆ ተጨፈለቀ። በሕይወት ትቻቸው ወጣሁ ለማለት ማርሽ መሰማት ነበረበት፤ አምስቱ ቢዩግሎች ገና በሳጥናቸው ታሽገው ስለነበር ከእጅዎ የቀረው መሣሪያ ቱባው ብቻ ነው። ባንዱ ውስጥ ሁለቱ አንድ ድምፅ የሚሰጡ የመሰለው ሰው ማን ነው? ያስመጣውን አንድ ቀን እንኳ አፉ ላይ አድርጎ ያልሞከረ!»

እንዳልካቸው አንገቱን ደፋ። አዛዡ ቸኩሎ ተነሣ፤ በእርግጥም የሚያስቸኩል ነውር ነበረበት። «በሉ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል። ልጅቱን ልቀቁ። ሁላችሁም ውጡ» አለ።

«አልተዘጋም!»

ትርንጎ ናት። ቢዩግሉን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«ኢንስፔክተር የሐኪሙን ወረቀት አንብባልኛለች። ጋሽ ህሩይ ከወደቁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ኖረዋል። እኔ ስደርስ ግንባራቸው ትኩስ ነበር።» ወደ እንዳልካቸው ዞረች። አንቱታው በዚያች ቅጽበት ቀረ። «አንተ! ማርሹ አራት ደቂቃ ነው። አንድ ጊዜ 'ድረሱ' ብለህ ብትጮኽ አያ በላቸው ይሰማህ ነበር። ያን ሁሉ ትንፋሽ ቱባው ውስጥ ስታፈስ፣ ጋሽ ህሩይ ከደረጃው ሥር ይተነፍሱ ነበር? ያስተማሩህን ማርሽ እየሰሙ ነው የሞቱ? ለኔ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መልስ!»